ወደ ኋላ የሚራመደው ሰውዬ

ሰውዬው ከመደርደሪያ የወረደለትን የሰርቨር ኬዝ፣ ሃርድ ዲስክ የሚደረደርበትን የኮምፒውተር ሳጥን፣ የሚመርጠው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ዘወር ብሎ ሳያይ፣ በካርቶኖቹ መሃል፣ አንዱንም ሳይነካ እስከ ሱቁ በር ድረስ። ሻጯ "አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ" ስትል ተመልሶ ቆርቆሮውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ኮቱ አርጅቷል፤ ጫማው ግን ሰርግ የተጠራ ይመስል ያብለጨልጫል።

"ለቤት ከሆነማ አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዘው ይበቃዎታል፣ አባባ።"

"አይበቃኝም ልጄ፣ ትልቁን አውርጂልኝ። ደግሞ የማይጮህ ይሁን፤ ባለቤቴ ኮሽ ካለ ትነቃለች።"

"ምን ሊያጭቁበት ነው?"

"ሰርግ!" ብሎ ሳቀ። "ዕድሜዬን ሙሉ ከሙሽራ ፊት ፊት፣ ወደ ኋላ እየሄድኩ ቪዲዮ ስቀርጽ ኖርኩ። ሰው ቤት ሲቀይር ካሴቱ ይጠፋበታል፤ ቅጂው እኔ ጋ ስላለ የኔን በር ያንኳኳል።"

"የተፋቱትን ቢያጠፏቸው እኮ ቦታ ይተርፍዎት ነበር" አለች፣ ቀልድ አስመስላ።

"ኧረ ተይ! ያን ቀን እኮ ከልባቸው ነው የሳቁት። ደግሞ ልጅ ይኖራቸዋል፤ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።"

ሻጯ እናትና አባቷን አንድ ላይ አይታቸው አታውቅም፤ የሰርጋቸውን ፎቶ እናቷ ገና ድሮ ቀዳድዳ ጥላዋለች። ትልቁን ኬዝ አሽጋ አስታቀፈችው፤ በሩን ልትከፍትለት ሄዳም እጀታውን እንደያዘች ቆመች።

"አባባ፣ ቤትዎ በየት በኩል ነው?"