ለስላሳው የፍሬን ሸራ

ካርቱም ዳር ካላክላ ሰፈር ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሁሉ መካኒክ ፍለጋ የሚሮጠው ፍሬኑ ሲጮህ ነው። ሁዘይፋ ግን እስኪጮህ አይጠብቅም ነበር። ጁምዓ ከሶላት መልስ ስኩተሩን ግቢው ጥላ ውስጥ ያቆምና ቁጢጥ ብሎ፣ በስልኩ መብራት፣ በፊት ጎማው ዲስክና ዲስኩን በሚጨብጠው ብረት መሃል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ያያል። ሸራው ምን ያህል እንደሳሳ፣ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ አልቆ እንደሆነ፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመረምራል። ከኋላው የምትቀመጠው እናቱ ናት።

እናቱ ሬሕማ ከወሎ ወጥታ ካርቱም የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ሱዳናዊ አገባች፣ ሁዘይፋን ወለደች፣ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር ባሏ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ትተኩሳለች። ልጇ አድጎ ለሻይ ሻጭ ሴቶች ስኳርና ሻይ ቅጠል በስኩተር የሚያደርስ ሰው ሆነ። አማርኛውን ከእሷ አፍ የለቀመው ስለሆነ ሲቸግረው ዓረብኛ ይሰካበታል፤ እሷም ግድ የላትም።

በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ላይ ቤንዚን ጠፋ። የሕዝብ ማመላለሻው፣ ሀፍላው ሁሉ፣ ቀኑን ማደያ ሰልፍ ላይ ያሳልፍ ጀመር። ከካላክላ ካፉሪ ከከተማው አንድ ጫፍ ሌላው ጫፍ ነውና በእግር የሚሞከር አይደለም። ሁዘይፋ ለስኩተሩ የምትበቃውን ቤንዚን ከዚህም ከዚያም እያቃረመ እናቱን በየማለዳው ማድረስ ያዘ። ሬሕማ ቶቧን፣ ያን ረጅም መጠቅለያ ልብሷን፣ ጎማ እንዳይዝባት ጉልበቷ ስር ትጠቀጥቅና ወደ ጎን ትቀመጣለች። አንድ እጇ ወገቡ ላይ ነው። ሲያጥፍ ጠበቅ፣ ሲቆም ላላ ታደርገዋለች። ፍርሃቷን ሁሉ ከዚያ እጅ ያነበዋል።

ሸራው ሲሳሳ ከዓባይ ማዶ ባሕሪ ወደሚገኘው ወደ ኦመር ሱቅ ሄደ። ኦመር የሞተር ኢስቤር፣ ማለትም መለዋወጫ፣ የሚሸጥ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁለት ዓይነት ሸራ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ጥቁሩ ብረት አለበት» አለ። «ይቆያል። ዓመት ሙሉ ላታየኝ ትችላለህ። ግን ዲስክህን ይበላዋል፣ ሲረጥብም ቶሎ አይዝም። ይሄኛው ለስላሳ ነው። ገና ስትነካው ይይዛል፣ ዲስክም አይጎዳም። በኛ አቧራ ግን ዕድሜው አጭር ነው።»

«ኦሪጅናሉስ?»

«እሱን ረስተነዋል፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። ዶላሩን እያየኸው።»

ሁዘይፋ ለስላሳውን አነሳ። የጀርባውን ብረት መስታወቱ ላይ አስተኝቶ እንዳልተጣመመ አየ። ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን መስመር በጥፍሩ ዞረው። አሮጌውን ከኪሱ አውጥቶ አዲሱ ላይ ደረበው፤ ቀዳዳው ከቀዳዳው ገጠመ።

«እሷን ነው የምጭንበት» አለ። «ለስላሳው ይሁን።»

ቤቱ ሲደርስ ጎማውን ፈታ። በእናቱ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በሳሙና ውሃ፣ ዲስኩን የሚጨብጠውን ብረት ከጭቃና ከጥቀርሻ አጸዳ። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በዝግታ ወደ ውስጥ ሲመልስ ዓይኑ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ላይ ነበር፤ ዘይቱ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። ሸራው የሚንሸራተትበትን ዘንግ ብቻ ግሪስ አስነካው። የሸራውን ፊት ከመንካቱ በፊት እጁን ታጠበ። አስገብቶ ሲጨርስ የፍሬኑ መያዣ እስኪጠነክር ደጋግሞ ጨበጠው፤ ይህን የረሳ ሰው ከበሩ ሳይርቅ ግድግዳ ነው የሚያገኘው። ከዚያም ሰፈሩ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ቀስ እያለ እየነዳ፣ ቀስ እያለ እያቆመ፣ ሸራውና ዲስኩ እስኪላመዱ ድረስ ተመላለሰ።

በማግስቱ ሬሕማ ቪላው በር ላይ ስትወርድ «ልስልስ ብሏል ዛሬ» አለችው። እሱም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ደስታው አልቆየም። የዚያ ዓመት ሐቡብ እየደጋገመ ከተማዋን በአቧራ ደፈናት። ሁዘይፋ በየቀኑ ቢያጥብም አቧራው ሸራውን እንደ ሞረድ ሞረደው፤ ረመዳን ሳይወጣ ብረቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ኦመር ዘንድ ሲሄድ መደርደሪያው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለስላሳው የለም። ሁዘይፋ የቀሩትን ሱቆች ዞረ። አንዱ ጋ የተሰነጠቀ አገኘ፣ ሌላው ጋ ለሌላ ሞተር የተሠራ። ሁሉም የሚያወጡት ያንኑ ጥቁሩን ነው።

እምቢ ብሎ ተመለሰ። ረመዳን ከወጣ በኋላም የፊቱን ሳይነካ፣ በኋላ ፍሬን ብቻ፣ የመንገዱን ዳር ይዞ እያዘገመ ወሰዳት። ሬሕማ አረፈደች። በሌላውም ቀን አረፈደች። የቪላው እመቤት ማዳም ሸይማእ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ስትናገርም ድምጿን አታነሳም።

«ሬሕማ» አለቻት፣ «ልጆቼ ሳይበሉ እየሄዱ ነው። አንቺን ማጣት አልፈልግም። ግን በሰዓቱ መምጣት አለብሽ።»

ሬሕማ ይህን የነገረችው ማታ እግሯን እየታጠበች ነው። «አታስብ፣ አብሽር» አለችው። «በሌሊት እንነሳለን።»

«በሌሊት መንገዱ አይታይም፣ ዩማ። ጉድጓዱን በምን እናመልጠዋለን?» አላት፤ «ዩማ» የሚላት እንደ ሱዳኖቹ፣ እማዬ ለማለት ነው።

በማግስቱ ጥቁሩን ሸራ ገዛ። ሲያስገባው እንደ ልማዱ አጸዳ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለዘበ፣ ሜዳው ላይ ተመላለሰ። ሸራው ሲግል ይይዛል፤ ማለዳ ሲቀዘቅዝ ግን መጀመሪያ ሲነካው እንደ እንጨት ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ዲስኩ ላይ ክብ ክብ ጭረት ወጣ። ሁዘይፋ ጥፍሩ ጭረቱ ውስጥ ሲገባ ተሰማው፤ የሚያደርገው ግን አልነበረም። ዲስክ የሚሸጥ ሰው ካርቱም ውስጥ አልተገኘም።

ነሐሴ ላይ ዝናብ መጣ። አንድ ጠዋት፣ ዓባይን ተሻግረው ከኩበር ድልድይ ወደ ባሕሪ ሲወርዱ፣ ከፊታቸው የነበረች ረክሻ፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ ተሳፋሪ አይታ ቀጥ አለች። ሁዘይፋ ርቀት ጠብቆ ነበር። ሁለቱንም ፍሬን ጨበጠ። መያዣው እጁ ላይ ጠነከረ፤ ስኩተሩ ግን ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ሄደ። እርጥብ ሸራ እርጥብ ዲስክ ላይ ይንሸራተታል። ቆይቶ በያዘ ጊዜ ደግሞ ባንዴ ያዘ። የፊት ጎማው ተቆልፎ ከስራቸው ሸሸ።

ሁዘይፋ ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ሬሕማ የወደቀችው በቀኝ እጇ ላይ ነው። ጭቃው ውስጥ ተቀምጣ እጇን በሌላው እጇ አቅፋ መጀመሪያ ያለችው «ነጠላ ጫማዬን ፈልግልኝ» ነበር። የእጇ አንጓ ወዲያ ዞሮ ነበር፤ እሷ ግን ጫማውን እስኪያመጣላት አላየችውም።

ሆስፒታሉ ጀሶ አሰረላት። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፤ ጣቶቿም ለመጨበጥ እምቢ አሉ። ሁዘይፋ ማዳም ሸይማእን ሊያነጋግር ካፉሪ ሄደ። በሩን የከፈተችለት የማያውቃት ወጣት ነበረች። ሀዋ ትባላለች፤ እሷም ከወሎ ናት፣ ከመጣች ገና ነው። የሬሕማን ሽርጥ ታጥቃ ነበር። ማዳም ሸይማእ ወጥታ ስለ እናቱ ጤና ጠየቀችው፣ በእውነትም አዝና ነበር። የሬሕማን ልብሶች አጣጥፋ በከረጢት ሰጠችው። ሁዘይፋ ሊለምን ያሰበውን ሁሉ እዚያው በሩ ላይ ረሳው።

ከሳምንታት በኋላ ኦመር ደወለ። «ለስላሳው ገብቷል» አለ። «ላንተ ደብቄልሃለሁ።»

ሁዘይፋ ሄዶ ተቀበለው። ለምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም። እንደ ልማዱ አጸዳ፣ ዘንጉን ግሪስ አስነካ፣ እጁን ታጠበ፣ አስገባው። ዲስኩ ግን ተበልቷልና ሲይዝ መያዣው እጁ ውስጥ ይርገበገባል። ቢሆንም ገና ሲነካ ይይዛል፤ በውሃም ሞከረው፣ ያዘ።

የሬሕማ የሕክምና ቀጠሮ ሲደርስ ስኩተሩን በር ላይ አቁሞ ጠበቃት። ለብሳ ወጣች፣ አየችው፣ ቆመች።

«ሸራው ተቀይሯል፣ ዩማ። ለስላሳው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ስታጥበው አይቻለሁ።»

«ቀስ ብዬ ነው የምወስድሽ።»

«በአንተ አልተቆጣሁም፣ ልጄ። ወላሂ አልተቆጣሁም። ገላዬ ነው እምቢ ያለኝ።»

መቀመጫውን በደህና እጇ ያዘችና ልትሞክር እግሯን አነሳች። እግሯን መልሳ መሬት ላይ አኖረችው። ሁዘይፋ ቁልፉን ነቀለና ክንዷን ይዞ ወደ ሀፍላ መቆሚያው አብረው በእግራቸው ሄዱ።

መቆሚያው ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። አንድ ሀፍላ ሞልቶ መጣ፣ ሳይቆም አለፈ። ሌላው ቆመና ጎበዞቹ በመስኮት ጭምር ገቡበት፤ ሬሕማ የታመመ እጇን ደረቷ ላይ ሸሽጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆሙ። ፀሐዩ በረታ። ሐኪሙ የሚገባበት ሰዓት አለፈ፣ የሚወጣበትም ተቃረበ።

«ሌላ ቀጠሮ ይሰጡናል» አለ ሁዘይፋ።

«ኢንሻአላህ» አለች።

የመመለሻውን መንገድ ጥላ ጥላውን ይዘው ሄዱ። ቤት ሲደርሱ ሬሕማ ቶቧን አውልቃ በግራ እጇ ልታጣጥፈው ታገለች፣ አልሆነላትም፤ አልጋው ላይ ጣል አድርጋው አጠገቡ ተኛች። ስለ ሕክምናው ከዚያ ወዲያ አላነሳችም። ሁዘይፋ ስኳርና ሻይ ቅጠሉን ጭኖ ወጣ፤ ያን ቀን ግን ሰዓቱ አልፎ ስለነበር ከሻይ ሻጮቹ ብዙዎቹ ቦታቸው ላይ አልነበሩም፣ ስኳሩንም እንደጫነው ይዞት ተመለሰ።