የአባን በግ ፍለጋ፦ ከደብረ ታቦር እስከ አርብ ገበያ

ዐርብ ንጋት፣ ደብረ ታቦር

ገና ሳይነጋ አባቴ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሰው ጉዞ ሲሆን እኔን ይቀድመኛል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ንግግሩ ሁሉ የሚያልቀው "ካለሁ" በሚል ቃል ነው። "ለፋሲካ ቤቱን እናስቀባው?" ስለው "ካለሁ" ይላል። አንጀቴን ይበላኛል፤ አንዳንዴም ያናድደኛል።

የምንሄደው ስለ አባ ነው። አባ ፈረንጅ ናቸው፣ የካቶሊክ ጳጳስ። በወጣትነታቸው መጥተው፣ አማርኛውን ከነወጉ ለምደው፣ እዚሁ አርጅተው ባለፈው ዓመት ዐረፉ። አባቴ ሾፌራቸው ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ መታሰቢያ ሊደረግላቸው ነው፤ አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ አባ በየቦታው የሠሩትን ፎቶ አንስተው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ሌላው የሚያሳየው ትምህርት ቤት አለው፣ ክሊኒክ አለው። አባቴ በነዳላቸው፣ አሁን በምንሄድበት ጋይንት ላይ ግን አባ አንድ ግንብ አላቆሙም። "ቤተ ክርስቲያንማ አላችሁ፤ የጎደላችሁ በግ ነው" ብለው ከብቱን በጨረሰው ድርቅ ማግስት ሴት በጎች አከፋፈሉ። ሕጋቸውም አንድ ነበር፦ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል በግ ለሌለው ሰው ትሰጥ።

"ይሄኔ ተበልተው አልቀዋል" ይላል አባቴ። "ታዲያ መታሰቢያው ላይ ምን ይዤ ልቁም?"

ረፋድ፣ ንፋስ መውጫ

ነፋሱ ነጠላዬን ሊቀማኝ ምንም አልቀረው። ጾም ነውና ሽሮ በቃሪያ በላን። አባቴ የምግብ ቤቱን ግድግዳ እያየ ፈገግ አለ። "አባ ረቡዕና ዐርብ እንደኛው ይጾሙ ነበር። የዚህ ቤት ባለቤት 'ፈረንጅነታቸው ፊታቸው ላይ ብቻ ነው' ትል ነበር" አለኝ።

ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ ረዳቱ አሁንም "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል። ቁልቁለቱ ላይ አባቴ በባዶው ፍሬን ይረግጣል። ሾፌሩ በመስታወት አይቶት "አባባ፣ እርስዎ ይንዱት እንዴ?" አለው። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ አባቴም ጭምር።

ቀትር፣ አርብ ገበያ

ገበያው ደርቷል። ገብስ፣ ባቄላ፣ ጌሾ፣ አህያ፣ አቧራ። በግ ተራ ገብተን አባቴ ግንባሯ ነጭ የሆነ ግልገል የያዘች አንዲት ሴት ጋ ቆመ።

"ይቺስ ስንት ነች?"

"አትሸጥም። የአባ ናት።"

አባቴ ከዘራውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "የየትኛው አባ?"

"የበጎቹ አባ ናቸዋ። እኔ አላየኋቸውም፤ ከመኪና ላይ የተቀበለችው እናቴ ናት። ጎጆ ስወጣ ለእኔም ደረሰኝ። ዛሬ እኮ በጎቹ ስማዳም እስቴም ተሻግረዋል። ቀበሌያችን ውስጥ በግ የሌለው ሰው አጣሁና ገበያ ፈልጌ ላስረክብ ብዬ መጣሁ።"

"መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ" አላት አባቴ። ሴትዮዋ ስሟ የሺ ነው፤ ትከሻውን ሳመችው። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችው።

"እርስዎ በግ አለዎት?"

"የለኝም።"

"እንግዲያውስ ይውሰዷት።"

"ተይ ልጄ፣ ለደኻ ስጪ።"

"አባ ያሉት በግ ለሌለው ነው፤ ለደኻ አላሉም።"

አባቴ ከዘራውን ለእኔ አቀብሎ ግልገሏን ተቀበለ። በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው፦ የሺ፣ አባቴ፣ በመካከላቸው ግልገሏ። ግልገሏ አላርፍ ስላለች ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ማምሻ፣ መልስ

ግልገሏ አባቴ ጭን ላይ ሆና የኮቱን ቁልፍ ታኝካለች። እሱ ግን ሐሳቡ ሰፈራችን ደርሷል።

"ጎረቤት በግ የሌለው ማን ነው?"

"አባዬ፣ ገና ግልገል እኮ ናት። እስክትወልድ ስንት ጊዜ አለ።"

ቁልፉን ከአፏ ቀስ ብሎ አወጣና ኮቱን አለበሳት።

"እስክትወልድማ አለሁ" አለ።