የምታዋጣዋ ካሴት

ልጅ ሳለሁ፣ ናዝሬት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ቤት ቢኖር የኛ ቤት ነበር። ያኔ መብራት የሚያጠፋው ነፋሱ ነው ይባላል፤ የናዝሬት ነፋስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አቧራውን ከሜዳው፣ የተቃጠለ አገዳ ጥላሸቱን ከወንጂ በኩል እየጠረገ እማዬ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ሲበትን ይውልና፣ ሲመሽ የመብራቱን ሽቦ መነቅነቅ ይጀምራል። አምፖሉ ድርግም ሲል እማዬ ፋኖስ ትለኩሳለች፤ በቆሎ የጠበስንበት የከሰል ምድጃ በሩ አጠገብ ፍሙ አመድ እየለበሰ ይቆያል፤ ጋሽ ደቻሳ ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን ይደገፍና የቱ ጋ እንዳቆምን ይጠይቀናል። የት እንዳቆምን አሳምሮ ያውቃል፤ መለመን ስለሚወድ ነው።

ጋሽ ደቻሳ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። የዕቃ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፤ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጅቡቲ ድረስ ይዘልቃል፤ ሲመለስ ከብርድ ልብሱ መሐል ሳሙናና ሽቶ ይወጣል። በዓለም ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ለሱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ የሚያዋጣና የማያዋጣ። ሰውንም በዚሁ ሚዛን ነበር የሚመዝነው፤ ሚስቱ ጥላው አሰላ እናቷ ቤት የገባች ጊዜ እንኳ «አላዋጣንም» ብሎ ነው ነገሩን የዘጋው።

ሌላው ሰው ልጆቹን በጅብና በቀበሮ ተረት ያሳድጋል፤ ጋሽ ደቻሳ ግን ጅብ ያየው ከባቡር ላይ ሆኖ ስለነበር ብዙም አያከብረውም። የሱ ተረት ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ካለ አንድ ቡና ቤት ይጀምራል። እዚያ ቁመቷ ከሰው የሚበልጥ፣ ሳንቲም የምትበላ ሣጥን ቆማለች። ፊቷ መስተዋት ነው። ሳንቲም ሲያጎርሷት መስተዋቱ ውስጥ ሌሊት ይሆናል፤ ከሰማይ አንዲት ከተማ ሊያጠፉ የሚወርዱ ነገሮች ይመጣሉ፤ ተጫዋቹ ታች ሆኖ አንዲት መድፍ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ይቺ እናቲቱ ነች። ሰው ሁሉ ስለወደዳት በየቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰኩ ልጆች ወለደች፤ ልጆቿ ካሴት ይባላሉ፤ አራት ናቸው። ጋሽ ደቻሳ አራቱንም አንድ የወደብ ሠራተኛ ወዳጁ ቤት ተጫውቷቸዋል፤ የኛም ተረት የትኛዋ ካሴት ታዋጣለች የሚል ክርክር ነበር።

የመጀመሪያዋ እናቷን ትመስላለች። ቀለሟ የደበዘዘ ነው፣ ድምጿም ቀጭን ነው፣ ግን እጅ ያዘዘውን ትፈጽማለች፤ ታዋጣለች። ሁለተኛዋ ገደል ለገደል የምትበር መርከብ ነች፤ ግድግዳው ከግራና ከቀኝ እየጠበበ ይመጣል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። እሷን ሲተርክ ድምፁን እየቀነሰ፣ በሁለት እጁ መሐል ያለውን ቦታ እያጠበበ ነበር፤ እኔ እጆቹ ሳይገናኙ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልብ ላለው ሰው ታዋጣለች ይላል። አራተኛዋ ካርቶኗ ላይ ያለው ሥዕል ድንቅ ነው፤ እሳት አለ፣ ክንፍ አለ፣ የሚጮህ ሰው አለ፤ ሲሰኳት ግን አንድ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ይላል። «ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ካሴቷን ጣላት» ነበር ፍርዱ።

የሱ ምርጥ ሦስተኛዋ ነበረች። እሷ ውስጥ ከተማዋ ጠፍታለች፤ የተረፉት ሰዎች ውኃ ማዶ ቀርተዋል። ተጫዋቹ ትንሽ ጀልባ ይዞ በጨለማ ያሻግራቸዋል። መተኮስ ይችላል፤ ግን አንዴ በተኮሰ ቁጥር ጠላት ድምፁን ሰምቶ ይመጣል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች ማለት ሳይተኩስ የሚጨርስ ነው። እኛ ልጆቹ ይኼን ማመን አቃተን፤ ጠመንጃ ተሰጥቶት የማይተኩስ ሰው አይተን አናውቅማ። ከኛ ሁሉ ይኼን ተረት የሚወደው የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ተስፋዬ ነበር። ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ ከኛ ጋር ለመቀመጥ የሚያፍር፣ ግን በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ልጅ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ደቻሳ ከባቡር ሲወርድ ብርድ ልብሱ ከወትሮው ወፈረ። ጨዋታዋን ከነአራት ካሴቶቿ አምጥቷት ነበር። ተረቱ እውነት ሆኖ ቡፌያችን ላይ ባለችው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም መግለጽ አልችልም። የተጫወትነው ግን ድምፁን አጥፍተን ነው። እማዬ መጀመሪያ የተኩሱን ድምፅ ስትሰማ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። በዚያ ዘመን ተኩስ ከግድግዳ ጀርባ ሲሰማ የትኛው ቤት ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር እንጂ ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፍ አልነበረም። ስለዚህ ጋሽ ደቻሳ እየተጫወተ ድምፁን በሹክሹክታ ይሞላልን ነበር።

የእማዬ ፍርሃት ሌላም ምክንያት ነበረው። እኛ ጴንጤ ነበርን። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ምእመኑ በየቤቱ ሁለትና ሦስት እየሆነ ነበር የሚጸልየው። የሂሳብ አስተማሪ የነበረው አባዬ ሰው ሰብስበህ ጸልየሃል ተብሎ ታስሮ፣ ሁለተኛ ቢገኝ ምንም ምሕረት እንዳይጠብቅ ተነግሮትና ፈርሞ ነበር የወጣው። ከወጣም በኋላ ትልልቅ ሰዎች ደብተር ይዘው ሂሳብ ሊማሩ ወደኛ ቤት ይመጡ ነበር፤ እኔ አንዳቸውም ሲደምሩ አይቼ አላውቅም። የመዝሙርና የስብከት ካሴቶች ይባዙና ጋሽ ደቻሳ ለመተሐራና ለአዋሽ ሰዎች ያደርስ ነበር። እስኪወስዳቸው ድረስ የሚቀመጡት የቡፌው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ በጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልለው ነበር። የጨዋታዎቹ ካሴቶች ላይኛው ውስጥ ነበሩ።

ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ተጀመረ። ተስፋዬን ከዳቦ ሰልፍ ላይ ወሰዱት። የወሰደው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ታምሬ ነበር፤ እትዬ አስካለ እግሩ ላይ ወድቀው ሲለምኑ ከበራችን ሆነን አይተናል። ጓድ ታምሬ ረዥም፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሰው ነበር፤ እኛ ልጆች ስሙን ስንጠራ እንኳ ዞር ብለን እናያለን። እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲያ በራቸውን ሳይዘጉ ነበር የሚያድሩት፤ ልጃቸው ድንገት ቢመጣ ውጭ እንዳይቆም ብለው።

ከዚያ በኋላ ነው የመንደሩ ልጆች አገዳ እየመጠጡ መንገድ ላይ የተለመደውን ክርክር ሲከራከሩ፣ አንዱ «ሦስተኛዋ ካሴት ነች የምታዋጣው፤ ሰዎቹን በጨለማ የምታሻግረው» ሲል ጓድ ታምሬ በአጠገባቸው ሲያልፍ የሰማው። ያኔ ካሴት ማለት የተከለከለ ዘፈን ወይም የጴንጤ ስብከት ነው፤ በጨለማ ማሻገር ማለት ደግሞ ከአፈሳ የሚሸሹ ልጆችን በባቡር ወደ ጅቡቲ ማሾለክ ነው። ልጁን ጠየቀው፤ ልጁም ቤታችንን አሳየው።

የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ዜናው ሳይጀምር፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው አስከትሎ ገባ። አልተቀመጠም። «ካሴቶቹን አምጡ» አለ።

እማዬ የያዘችውን ሰሐን መሬት ላይ አስቀመጠች። እኔ ታችኛውን መሳቢያ ላለማየት ስል ጣራ ጣራውን አየሁ። አባዬ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ከፍርሃትም ይብስ ነበር፤ ያለቀለት ሰው ፊት ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ምንም እንደማያውቁ መናገር ጀመረ። ጋሽ ደቻሳ አላስጨረሰውም። «የሱ አይደሉም ጓድ፤ ካሴቶቹ የኔ ናቸው። ጨዋታ ናቸው፤ ላሳይዎት» ብሎ ላይኛውን መሳቢያ ሳበ፣ አንዷን አንሥቶ ሰካ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ጓድ ታምሬ ቆሞ አየ። ከዚያ ተቀምጦ አየ። ከዚያ መጫወቻውን በእጁ ያዘ። ጠመንጃ የያዘው ሰውዬም ሳያውቀው እየተጠጋ መጥቶ «በግራ በኩል ጓድ፣ በግራ» ማለት ጀመረ። ሲሸነፉ እንደገና ጀመሩ። ሲወጣ ጓድ ታምሬ ለጋሽ ደቻሳ ነገ እመጣለሁ አለው። አባዬ በሩ ከተዘጋ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እውነትም መጣ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም፣ ብቻውን እየሆነ መምጣት ጀመረ። ያን ጊዜ የሚያህል ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም። የመዝሙር ካሴቶቹን ለማውጣት ጋሽ ደቻሳ ባቡር መጠበቅ ነበረበት፤ መስመሩ ደግሞ ተበላሽቶ የዕቃ ባቡሩ ቆሟል። ሌላ ቤት እንዳይወስዷቸው መንገዱ በቀበሌ ሰው ተሞልቷል። ስለዚህ ሰውየው በየምሽቱ ጉልበቱ ታችኛውን መሳቢያ ሊነካ እየደረሰ ይጫወታል፤ እኛ በረድፍ ተቀምጠን ጉልበቱን እናያለን። ሂሳብ ተማሪዎቹ ጠፉ። እማዬ እንጀራ አቅርባለት ይበላል፤ አባዬን የሂሳብ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ከሁሉ የከበደኝ ሲሸነፍ እንደኛ መሳቁ ነበር። ሳቁን ወደድኩት፤ መውደዴም አስፈራኝ።

አንድ ምሽት ጋሽ ደቻሳን ከአራቱ የትኛዋ እንደምታዋጣ ጠየቀው። ጋሽ ደቻሳ በፍርሃቱ መሐል እንኳ በዚህ ነገር መዋሸት አይችልም። የመጀመሪያዋንና ሁለተኛዋን አመስግኖ፣ አራተኛዋን ሰድቦ፣ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሁሉንም እንደ ተረቱ ነገረው፤ ውኃውን፣ ማዶ የቀሩትን ሰዎች፣ ሳይተኩሱ ማሻገሩን። ጓድ ታምሬ መጫወቻውን አስቀምጦ ሰማው።

«እስኪ እሷን ልሞክር» አለና ጎንበስ ብሎ መሳቢያ ሳበ። የሳበው ታችኛውን ነው።

ጋሽ ደቻሳ «ላይኛው ጓድ» አለ፤ ግን ዘገየ። ሰውየው የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠ። አንዷን ካሴት አወጣና ወደ ቴሌቪዥኑ ብርሃን አስጠጋት። ላይዋ ላይ በእማዬ እጅ «መዝሙር» ተብሎ ተጽፏል። አንዴ ማንበብ ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ረዥም ጊዜ ያዛት። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ ሊወስዱት ነው ብዬ የአባዬን እጅጌ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ይቺ አታዋጣም» አለ ጓድ ታምሬ። ወደማንኛችንም አልተመለከተም። «ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ትውጣ።»

ካሴቷን መለሳት፣ ጨርቁን አለበሳት፣ መሳቢያውን ዘጋ። ከዚያ ከላይኛው ሦስተኛዋን አውጥቶ ተጫወተ። አንድም ሰው ሳያሻግር ተሸነፈና ተነሥቶ ደህና እደሩ ብሎን ሄደ።

ጋሽ ደቻሳ ባቡርም አልጠበቀም። ካሴቶቹን ከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ በጋሪ ጭኖ ወጣ፤ የት እንዳደረሳቸው እስከ ዛሬ አልተናገረም። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈታሾች መጡ። ከላይ የተላኩ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ይዟቸው የመጣው ግን ጓድ ታምሬ ነው። ቀድሞ ወደ ቡፌው የሄደውም እሱ ነው። ታችኛውን መሳቢያ ነቅሎ አውጥቶ የጠረጴዛውን ልብስ መሬት ላይ ደፋው፣ አባዬ ላይ ጮኸ፣ እማዬን ገፈተራት። ፍራሽ ተቀደደ፣ ጣራ ተወጣ። ምንም አልተገኘም። ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ጨዋታዋን ከነአራት ካሴቶቿ ይዘው ሄዱ። አባዬ ግን ቤት አደረ።

ጓድ ታምሬ ከዚያ በኋላ አልመጣም። መንገድ ላይ ስንገናኝም አያውቀንም፣ አናውቀውም። አባዬ ሁለተኛ ሳይታሰር እያስተማረ ያን ዘመን ጨረሰ፤ ጋሽ ደቻሳም መብራት ሲጠፋ መተረኩን አልተወም፤ ሦስተኛዋን ግን ስንጠይቀው ረሳኋት ይለን ነበር። ተስፋዬ አልተመለሰም።

መንግሥት ተለውጦ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅተም ሲነሣ፣ ሰው እየተነሣ በእነዚያ ዓመታት የሆነለትን ይመሰክር ነበር። አንድ እሑድ እማዬም ተነሣች። እግዚአብሔር አንድ ሰው ልኮ ቤታችንን እንዴት እንዳዳነ ልትናገር ጀመረች፤ ስለ መሳቢያው ተናገረች፣ ስለ ካሴቷ ተናገረች፤ የሰውየውን ስም ልትጠራ ስትል ልጃቸው ከቀረ ወዲህ ከኛ ጋር መጸለይ የጀመሩትን እትዬ አስካለን ፊት ለፊት አየቻቸው። አጠገባቸው አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ ሁልጊዜም ይተዉት ነበር። እማዬ «ጌታ ይባረክ» ብላ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ ስሙን ለምን እንደዋጠችው ጠየቅኋት። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሳቸው ፊት እንዴት አድርጌ ላመስግነው?» አለችኝ።

እኔም ይኼን የጻፍኩት እትዬ አስካለ ካረፉ በኋላ ነው።