ሰባት ቁጥርና ስምንት ቁጥር ቡና ፍለጋ ወደ ሸኮ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በሰኔ መጀመሪያ፣ ሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጉዳዬ ሁለት የቡና ተክሎችን በዓይኔ አይቼ መመለስ ነበር። ለሁለት ቡና ተብሎ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ይኬዳል ወይ የሚል ቢኖር ነገሩን ከመነሻው ላስረዳው።

እኔ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ነኝ። የደረቀ ቅጠል ይላክልኛል፤ እፈጨዋለሁ፤ ከሕዋሱ ውስጥ ዘረመሉን አጣርቼ አወጣና አነበዋለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት የመረመርኩት ከደቡብ ምዕራብ የመጣ የቡና ቅጠል ነው። የቡናን ፍሬ በለጋነቱ የሚያጠቁር በሽታ አለ፤ አንዳንዱን ተክል ግን አይነካውም። እኛም የማይነካውን ከሚነካው የሚለየውን የዘረመል ምልክት ስንፈልግ ቆየን። አገኘነው ብለን ጽፈን ለአንድ መጽሔት ላክን። በዚህ ሙያ የተጻፈ ሁሉ አይታተምም፤ አስቀድሞ ስማቸው የማይነገር የሙያው ሰዎች ይገመግሙታል።

ሁለቱ ገምጋሚዎች ወደዱት። ሦስተኛው ግን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሰባት ቁጥር ተክልን በሽታ አይነካውም ብላችሁ መዝግባችኋል፤ ዘረመሉ ግን የሚነካውን ይመስላል። ስምንት ቁጥር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወይ ምልክታችሁ አይሠራም፣ ወይ ናሙና ተቀያይሯል። ይህ ሳይጣራ እንዲታተም አልደግፍም።»

ናሙና ተቀያየረ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤተ ሙከራውን ነው፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ማንም ፊት ለፊት አልወቀሰኝም፤ ዝምታው ግን ከወቀሳ ባሰብኝ። መዝገቤን ደጋግሜ አገላበጥኩ። የተረፈውን ቅጠል እንደገና መረመርኩ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። በመጨረሻ አለቃዬ ዶክተር ሙሉጌታ «በይ እንግዲህ ሄደሽ ከተክሉ ላይ ራስሽ ቁረጪ» ሲሉኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን የቡና ተክል በቆመበት አይቼ አላውቅም ነበርና።

ሰኞና ማክሰኞ፤ መንገድ

ግቤ በረሃ ስንወርድ ሁሉም ሹራቡን አወለቀ፤ ጅማ ስንደርስ ሁሉም መልሶ ለበሰ። ጅማ አድረን ማክሰኞ በጠዋት ወደ ቦንጋ ተነሣን። ከዚያ ወዲያ ጫካው እስከ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ይቀበላል። ውሽውሽ ላይ የሻይ ተክሉ በዝናብ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ኮረሪማ ነጋዴ፣ እማማ ዘነበች፣ ለምን እንደምሄድ ሲሰሙ ሳቁ።

«ፍሬው እያለ ቅጠሉን ትለቅሚያለሽ?»

«ለምርመራ ነው፣ እማማ።»

«እኛስ በዝንጅብልና በቃሪያ አፍልተን እንጠጣዋለን። ጠጥተሽው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኳቸው። «ሦስት ዓመት ቅጠል ፈጭተሽ ሳትቀምሺው!» አሉና ለኋላ ወንበር ሰዎች አወሩልኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከተጠራጠሩኝ ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሚዛን ተፈሪ ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቅጠሉን ቆርጦ ሲልክልኝ የኖረው የግብርና ባለሙያ ደረጀ በባጃጅ መጥቶ ተቀበለኝ። በስልክ ካልሆነ ተገናኝተን አናውቅም። በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው እንጀራ የሚያህል የሙዝ ዘለላ ይዟል። «አዲስ አበባ የምትበሉት ሙዝ መንገድ ላይ የበሰለ ነው፤ ይህን ቅመሺ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ረቡዕ፤ ሸኮ

በማግስቱ በቴፒ መንገድ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ሸኮ ወረድን። ከዚያ በጭቃ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። አንድ ወንዝ እንደተሻገርን ደረጀ ቆመ።

«ሰናይት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የቅጠሉ ፖስታ ላይ ቁጥር ያቀያየርኩት እኔ እሆን እላለሁ።»

«እኔም እኮ፣ እኔ እሆን እያልኩ ነው የከረምኩት» አልኩት።

ተያየን። ከዚያ በኋላ መንገዱ አጠረልን።

የቡናው ባለቤት ጋሽ ጴጥሮስ በር ላይ ጠበቁን። ባለቤታቸው እማማ ማርታ «የተራበ ሰው ዛፍ አያይም» ብለው ትኩስ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እየበላን የመጣሁበትን ነገር አስረዳኋቸው።

«ይህ የጠረጠራችሁ ሰውዬ ማነው?» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

«ስሙን አናውቅም። እሱም የእኛን አያውቅም።»

«እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

ጥቂት አሰቡና «ደግ ነው» አሉ። «እኛም ወሰን ሲያጣላን ሽማግሌ የምንጠራው ከሌላ ቀበሌ ነው። ዘመድ አይፈርድም።»

ከዚያ ወደ ጓሮው ወሰዱን። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ከቁመቴ በላይ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። በአንዱ ግንድ ሥር ሰባት፣ በሌላው ሥር ስምንት የሚል ቆርቆሮ በሽቦ ታስሯል። ሁለቱ ተክሎች በአንድ ጉድጓድ የበቀሉ ይመስላሉ።

ቀና ብዬ ከሰባት ቁጥር በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አየሁ። ፍሬው ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል። ከስምንት በላይ ያለው ግን አንድም እንከን የለበትም። በሽታ አይነካውም የተባለው ሰባት፣ ይኸው በዓይኔ ፊት ታሟል።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ የትኛው ነው የማይታመመው?»

«ሰባት» አሉ ሳያመነቱ።

«ግን ፍሬው ጠቁሯል እኮ!»

ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሰባትን ግንድ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። ከራሴ በላይ ያለው ቅጠል ዝም አለ። የተንቀጠቀጠው ማዶ፣ ደረጀ ከቆመበት ከስምንት በላይ ያለው ነው፤ በቅጠሉ ላይ ያደረው የዝናብ ውኃ በሙሉ አናቱ ላይ ወረደበት።

ደረጀ ውኃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ የስምንትን ግንድ ያዘና ነቀነቀ። አሁን ደግሞ እኔ ራስሁ።

ግንዶቹ ደረት ላይ ሲደርሱ ተጠላልፈው ተሻግረዋል፤ የሰባት ጫፍ ከስምንት በላይ፣ የስምንት ጫፍ ከሰባት በላይ ነው። ሰባት አይነካውም ብለው ያስመዘገቡት ጋሽ ጴጥሮስ ተክሉን የሚያውቁት ከሥሩ ነው። ደረጀ ቅጠሉን የቆረጠው ደግሞ በጥር፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ከጫፉ ነው። እኔም የደረሰኝን በትክክል አነበብኩ።

«ተሻግረዋል!» ብሎ ጮኸ ደረጀ። እማማ ማርታ ምን ሆናችሁ ብለው ሮጠው መጡ፤ እሳቸውም አንዴ ነቅንቀው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ተራ በተራ ሳይነቀንቅ አልሄደም።

ሳቁ ጋብ ሲል ደረጀ «እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ሆነ» አለ ቀስ ብሎ። የተሰማኝን እፎይታ በፊቱ ለማሳየት አፈርኩ። እሱ የቆመበት ቦታ እኔ ሁለት ወር ቆሜበታለሁ።

«እኔ ከቢሮዬ ተነሥቼ አንድ ቀን ብመጣ ኖሮ አብረን እናየው ነበር» አልኩት። ማጽናኛ ብቻ አልነበረም።

በጣቴ ቅርንጫፉን ከጫፍ እስከ ሥር እየተከተልኩ፣ ጋሽ ጴጥሮስም እያረጋገጡልኝ፣ ከሁለቱም አዲስ ቅጠል ቆረጥኩ። እርጥበት በሚመጥ ጠጠር ውስጥ ከተትኩት። ፖስታው ላይ ቁጥሩን የጻፈው ደረጀ ነው፤ እሱ ይጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ።

መልስ

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ፤ ጫማዬ ላይ የሸኮ ጭቃ እንዳለ ነው። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ውጤቱ ሲወጣ ሰባት የማይነካው፣ ስምንት የሚነካው ሆኖ ተገኘ፤ ምልክታችን ይሠራል። ደረጀም የቀሩትን ተክሎች በሙሉ እየዞረ ነቀነቀ፤ ሌላ የተሻገረ አላገኘም። ለመጽሔቱ የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ ጻፍን። ሦስተኛው ገምጋሚ የመለሰልን አጭር ነበር፦ «አምኛለሁ። ስህተታቸውን ራሳቸው ስለተናገሩ አመሰግናለሁ።» ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ።

ለደረጀ ስደውልለት ሚዛን ገበያ መሐል ነበር። ዜናውን ስነግረው በስልኩ እልልታ ሰማሁ፤ እልል ያለው ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ደረጀ ግን ከጎኑ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ምን እንደተገኘ ሳትጠይቅ ነው እልል ያለችው አለኝ።

ጉዞው ያስተማረኝ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ጠላቴ የመሰለኝ ያ የማላውቀው ሰው፣ ሥራዬን ከወዳጆቼ ይልቅ በትኩረት ያነበበልኝ ሰው ነበር። እሱ ባይጠራጠር ኖሮ እኔ ዛሬም ዛፉን የማላውቅ ቅጠል ፈጪ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ደቡብ ምዕራብ ካለችው ከጌጫ አንድ የቡና ቅጠል እሽግ ደረሰኝ። ከመክፈቴ በፊት ቅጠሉን ለቆረጠችው ባለሙያ ደወልኩና ተክሉ የት እንደቆመ ጠየቅኋት። አስረዳችኝ፣ አስረዳችኝና «ለምን መጥተሽ አታዪውም?» አለች። በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅሁ።