መብራቱ ላይ የተለጠፈ ናስትሮ

የመኪና ኤሌክትሪሻኑ በጠራራ ፀሐይ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው የሚሠራው። ሽቦ ሳያሸት አይቆርጥም። አሁን ከዳሽቦርዱ ሥር ብቅ ያለው ፊቱን አጨፍግጎ ነው፤ ጥቁር ናስትሮ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ባለመኪናው እጅ ላይ ጣለው።

«ቱ! በቤንዚን ሞተር ፋንታ ናፍጣ ይገጠም፣ ማን ከለከለ? የድሮውን ሴንሰር ሽቦ ከአዲሱ ጋር እንዳገኙ መጠምዘዝ ግን ምን ይሉታል? ኮምፒውተሩ አልተስማማኝም ብሎ የማስጠንቀቂያ መብራት ሲያበራ፣ መብራቱ ላይ ናስትሮ ለጠፉበት!»

«ሞተሩን የቀየረው ጋራዥማ መኪናዋ ምንም የላትም ብሎኝ ነበር» አለ ባለመኪናው።

«አሞኛል የሚለውን አፉን አፍኖ፣ ደህና ነው ማለት! ሰው ናቸው እነዚህ?»

ተናግሮ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ወዲያው ለሰለሰ።

«አለሁ፣ እህት ዓለም። ሳሉማ ለቆኝ የለ እንዴ? የምን ሐኪም ቤት ነው ደግሞ? ደህና ነኝ አልኩሽ።»

ስልኩን ጭኑ ላይ ደፍቶ የሹራቡን እጅጌ ነከሰና፣ ትከሻው እየተንዘፈዘፈ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ «እየሰማሁሽ ነው» አላት።

ባለመኪናው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ፣ እጁ ላይ የቀረውን ናስትሮ ማየት ጀመረ።