ሁለተኛዋ ዶሮ

ኮሌጅ የገባሁት ከመካነ ሰላም ሳልወጣ ነው። የመምህራን የክረምት ኮርስ ለወትሮው የሚሰጠው ራቅ ካለ ከተማ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የኮሌጁ አስተማሪዎች ወደ እኛ መጡና ትምህርቱ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጀመረ። እኔ ያኔ ወግዲ ገጠር አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። የኮሌጁን የመጀመሪያ ባዮሎጂ ካለፍኩ ወደ መካነ ሰላም ተዛውሬ ሳይንስ እንዳስተምር የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቃል ገብቶልኛል። እናቴ እዚሁ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፤ እኔ ክረምት ክረምት እሷ ዘንድ ነኝ። ከወደቅኩ መስከረም ሲጠባ እኔም ወደ ወግዲ እመለሳለሁ፣ እሷም ብቻዋን ትቀራለች።

ቤተ ሙከራ ያልነው ክፍል ቀድሞ የእንጨት ሥራ ይሰጥበት የነበረ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሚባለው ስለማይሰማ አስተማሪያችን እስኪያባራ ዝም ብለው ይቆማሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ «በእጃችሁ ንኩት» ማለት ይቀናቸዋል። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አሳዩን፣ እንቁራሪት ፍለጋ ኩሬ ለኩሬ አዞሩን። አብሮኝ የሚማረው መምህር ሁሉ ያማርር ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከቀበሌ ስብሰባ ያመለጥኩበት ሰዓት ሁሉ ለእኔ በዓል ነው።

የተግባር ፈተናው ዶሮ ከፍቶ የውስጥ አካሉን በየቦታው እንዳለ ማሳየት ነበር። ለሁለት ሰው አንድ ዶሮ ደረሰን። አስተማሪው ዶሮዎቹን በመድኃኒት አደንዝዘው ሊገድሏቸው አስበው ኖሯል፤ ክፍሉ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ድምፅ በክት ይሆናል ብሎ እንቢ አለ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ እኛ ክርስቲያኖቹ ሥጋውን አንነካውም። ስለዚህ ሙስሊሞቹ ባርከው እንዲያርዱና ሥጋውን ወደየቤታቸው እንዲወስዱት ተስማማን። የእኔ ጥንድ የቁርዓን አስተማሪ ልጅ፣ እንደኔው የገጠር መምህር ነው። አውራ ዶሯችንን ቢስሚላህ ብሎ አረደና ቢላውን ለእኔ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው። አስተማሪው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ዞር እንዳሉ ቆዳውን ገፈፍኩ፣ ታፋውን ከእግሩ ለየሁ፣ ክንፉን አነሳሁ። ሐሞቱን እንዳይፈስ ተጠንቅቄ አወጣሁ። አንጀቱን በመስኮት ወረወርኩት፤ የዘበኛው ውሻ እታች ቆሞ ይጠብቅ ኖሯል። ጥንዴ ከአጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ያያል፣ ትንፍሽ አይልም። በኋላ ስጠይቀው፣ ሴት ልጅ ዶሮ ስትበልት ወንድ ጥልቅ ማለቱ ነውር መስሎት እንደሆነ ነገረኝ።

አስተማሪው ሲመለሱ አሥራ ሁለቱ ብልት ትሪው ላይ ተደርድሯል። የምግብ መፍጫው የት አለ ብለው ጠየቁኝ። ውሻ በላው አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለወጥ ቢሆን ሙሉ ማርክ እንደሚሰጡኝ፣ ለባዮሎጂ ግን ነገ ሌላ ዶሮ ይዤ ካልመጣሁ ዜሮ እንደሆነ ነገሩኝ።

በጾም ዶሮ ከየት ይመጣል? ገበያው አልፏል፣ የጠየቅኩት ጎረቤት ሁሉ ለፍስክ ያሰብኳት ናት ይለኛል። አመሻሹ ላይ እናቴ ቤት ገብቼ ነገሩን ስነግራት እስክትንፈራፈር ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ወደ ቆጡ አመለከተች። ያለቻት ዶሮ አንዲት ናት።

«እሷን ውሰጃት። መጣል ካቆመች ሰነበተች፤ ጥሬ ከመጨረስ በቀር ሥራ የላትም» አለችኝ።

እኔም አመንኳት፤ እንዲያውም ቀለለኝ።

በማግስቱ ጥንዴ አርዶ ሲያበቃ «አብሽሪ፣ ዛሬ እጅሽን እኔ እጠብቀዋለሁ» አለኝ። እውነትም ቢላው ወደ ታፋው ሲያዘነብል እጄን ያዝ ያደርገኛል። ደረቷን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ጉበቱን፣ ልቡን፣ የተጠቀለለውን አንጀት በየቦታው እያሳየሁ ስማቸውን ጠራሁ። የጎድን አጥንቱ ላይ የተለጠፈው ሳንባና ከጀርባው አጥንት ሥር የተደበቀው ኩላሊት ግን አስደነቁኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የረጋ ደም መስለውኝ በጥፍሬ ፍቄ ስጥላቸው ኖሬያለሁ።

አስተማሪው አንጀቱን በመቆንጠጫ ገለል አደረጉና ፊታቸው በራ። ሌሎቹን ጠረጴዛቸውን ትተው እንዲመጡ ጠሯቸው። ከሥሩ የእንቁላል አስኳሎች ተንጠልጥለዋል፤ ትልቁ ሎሚ ያህላል፣ ትንሹ ምስር። ከነሱ ዝቅ ብሎ ቅርፊቱ ያለቀለት አንድ እንቁላል አለ። አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ዛሬ ባትታረድ ኖሮ ዛሬውኑ ትጥለው ነበር፣ ከዚህ የተሻለ ዶሮ ብትፈልጊ አታገኚም ብለው ማለፌን እዚያው ነገሩኝ። እንቁላሉ ገና አልቀዘቀዘም። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ማለፌን ነገርኳት፤ እልል አለች፣ አገላብጣ ሳመችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቼ ዶሮዋ እኮ ትጥል ነበር አልኳት። ቀና አላለችም።

«አንቺ ወግዲ ከቀረሽ እንቁላሉን ለማን ልቀቅለው?» አለችኝ።