በኛ ነው በፈረንጅ?

ደብረ ብርሃን የኢኮኖሚክስ አስተማሪ ነኝ። ቁጥር እወዳለሁ፤ ከዚያም በላይ ቁጥር ያውቃል መባል እወዳለሁ። እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተኝም እሱ ነው።

አንድ ጥናት ጀምሬ ነበር፤ እኛና ግብፅ ጥድን የመሰለ እንጨት ከውጭ ምን ያህል እንደምናስገባ ዓመት በዓመት የሚያነጻጽር። ሁለቱን ሰንጠረዦች ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ገልብጬ መስመር ሳሰምርባቸው፣ የኛው የግብፅን ዱካ እየተከተለ ሲሄድ ታየኝ። የግብፅ ደግሞ ወደ መጨረሻው ሽቅብ ይወጣል። የኛም ሊወጣ ነው አልኩ። የውጭ ጣውላ አገሩን ሊሞላው፣ የኛ ጥድ ፈላጊ ሊያጣ ነው ማለት ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ አንኮበር ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከመሞቱ በፊት ጓሮዋን ሙሉ የተከለላት የፈረንጅ ጥድ ነበራት። ወፍሮ ጣውላ ሲወጣው እኔ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሠርታበት፣ እርጅናዋን ከኛ ጋር ልታሳልፍ ነበር ሐሳቧ። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ሳይረክስብሽ አስቆርጪው አልኳት።

"ይሄ ለስላሳ እንጨት ይባላል" ብዬ መስመሩን አሳየኋት።

"ለስላሳስ እኔ የማውቀው በጠርሙስ ያለውን ነው" ብላ አሾፈችብኝ። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ ከመስመሩ ግርጌ ያሉትን ቁጥሮች አየች። "ይሄ ዓመት በኛ ነው በፈረንጅ?"

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከት ብዬ ነው የሳቅኩት። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ ጥናት ነው" አልኳት። በሳምንቱ አስቆረጠችው። ገና ቀጭን ስለነበር ጣውላ አልወጣውም፤ ለአጥር ቋሚ ተሸጦ አለቀ።

ከወራት በኋላ ጥናቱን ለባልደረቦቼ ላቀርብ ስዘጋጅ ዋናዎቹን ሰንጠረዦች መልሼ ከፈትኩ። የኛው "ዓ.ም." ይላል። ስገለብጥ ያቺን ሁለት ፊደል ጥያታለሁ። የግብፁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰባት ስምንት ዓመት የሚራራቁትን ዓመታት አንድ ናቸው ብዬ ጎን ለጎን ደርድሬያቸዋለሁ። የኛ መስመር ከግብፁ ቀድሞ መቋረጡ እንኳ አላነቃኝም፤ መረጃው ተጓቶ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ወደ ቦታው ስመልሰው ዱካም የለ፣ መከተልም የለ። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ጥናቱን ማንም ሳያይብኝ አስተካከልኩት። የአክስቴን ጥድ ግን ምን ላድርገው? በደወለች ቁጥር ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ሸሸኋት። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ከጉቶዎቹ አንዱ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቀድሞ ጥዱ ይመልሰው የነበረው ንፋስ አሁን ቀጥታ ቤቷ ይገባል። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እስክጨርስ ጎመኗን መቀንጠሷን አላቆመችም።

"ጠይቄህ ነበር እኮ" አለች።

"ጠይቀሽኛል።"

ጎመኗን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። "ስትስቅ ጊዜ፣ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ አፈርኩ" አለችኝ። "አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።"